የጊታር አክሽን (የክሩን ከፍታ) ዝቅ ለማድረግ የቱን ልንካ? ነት፣ ትረስ ሮድ፣ ሳድል ወይስ ክሩን ራሱን

አንድ የሰፈራችን ልጅ ጊታሩን ተሸክሞ መጣ። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣለት፣ የስትራት (የፌንደር ስትራቶካስተር) ቅርጽ ያለው፣ የፒክጋርዱ (የፊት ሽፋኑ) ፕላስቲክ እንኳን ገና ያልተላጠ። «ጣቴን ጨረሰው፣ ክሩን ዝቅ አድርግልኝ» አለ። ኤፍ ኮርድ ያዝኩበት። እውነቱን ነው፣ ይፈጃል። ካፖ (ክሮቹን አንድ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) አንደኛው ፍሬት (ኔኩ ላይ በአግድም የተቀበረው ብረት) ላይ አስሬ ያንኑ ቅርጽ አንድ ፍሬት ከፍ ብዬ ያዝኩት። ቅቤ! ልጁ ሳድሉን (ክሩ በቦዲው በኩል የሚያርፍበትን) እስክፈታለት አለን ቁልፉን (ባለ ስድስት ማዕዘኑን መፍቻ) ይዞ አጠገቤ ቆሟል። ችግሩ ግን ሳድሉ ጋ አልነበረም። በሌላው ጫፍ፣ ክሮቹ ወደ ቁልፎቹ ሲሄዱ በቦዮቹ የሚያልፉበት ነቱ ጋ ነበር።

ዝም ብዬ ሳድሉን ባወርድለት ኖሮ ከ12ኛው ፍሬት በላይ ክሩ ይተኛና ዝዝዝ ማለት ይጀምራል፣ ኤፍ ኮርዱ ግን እንደፈጀ ይቀራል። ከዛ «ጊታሩ ራሱ የማይረባ ነው» ተብሎ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። ስንት ደህና ጊታር እንዲህ ሆኖ ከሰው እጅ እንደወጣ ቤት ይቁጠረው።

አክሽን ማለት ክሩ ከፍሬቱ አናት ያለው ከፍታ ነው። ብዙ ሰው ይሄን ከፍታ የሚወስን አንድ ብሎን ያለ ይመስለዋል። የለም። ሦስት ቦታ ላይ ነው የሚወሰነው፦ ነቱ፣ የኔኩ (የጊታሩ አንገት) ጉብጠት እና ሳድሉ። አራተኛ ደግሞ የክሩ ውፍረት አለ፤ እሱ ከፍታውን ሳይሆን ጣታችሁ ላይ የሚሰማውን ጉልበት ነው የሚቀይረው። አራቱም «ጊታሬ ይከብዳል» የሚል አንድ ስሞታ ያመጣሉ። መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው።

የሚከብዳችሁ የት ጋ ነው?

መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ይሄን መልሱ። ከ1ኛው እስከ 3ኛው ፍሬት ብቻ ከሆነ የሚከብደው፣ ነቱን ጠርጥሩ። የካፖው ሙከራ እዚህ ላይ ወደር የለውም፤ ካፖ 1ኛው ፍሬት ላይ ሲታሰር ነቱ ከጨዋታ ውጪ ይሆናል፣ ስለዚህ በአንዴ ከቀለለ ወንጀለኛው ታወቀ ማለት ነው። ሌላም ምልክት አለ። ክሮቹን በባዶው አስተካክላችሁ ትቃኛላችሁ፣ ሲ ኮርድ ስትይዙ ግን ጆሮ ይቆረቁራል። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ክር ሲጫኑት ስለሚለጠጥ ድምፁ ሽቅብ ይሄዳል። ቱነሩ (መቃኛ መሣሪያው) አልዋሸም፣ ነቱ ነው።

መሀል አካባቢ፣ ከ5ኛው እስከ 9ኛው ድረስ ክሩ ሩቅ ከሆነባችሁ የኔኩ ጉብጠት በዝቷል፤ ያ የትረስ ሮድ፣ ኔኩ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ፣ ሥራ ነው። ታች ደህና ሆኖ ከ12ኛው ወዲያ ሲወጡ እንደ ተራራ የሚሆን ከሆነ ሳድሉ ነው። ከላይ እስከ ታች እኩል የሚከብድ፣ ግን ስታዩት ክሩ ዝቅ ያለ ከሆነስ? ከፍታው ጋ አትድረሱ። ወይ ክሩ ወፍራም ነው፣ ወይ ስድስት ወር ያልተቀየረ ዝገት ነው።

ባዙንም እንዲሁ ማንበብ ይቻላል። ክሩ ፍሬቱን እየነካ ዝዝዝ የሚለውን ማለቴ ነው። በባዶው ስትመቱት ብቻ ከሆነ የነቱ ቦይ ከልክ በላይ ጠልቋል። ከ1 እስከ 5 ባለው ከሆነ ኔኩ በጣም ቀጥ ብሏል ወይም ወደ ኋላ ጎብጧል። ከ12 በላይ ከሆነ ሳድሉ ከልክ በላይ ወርዷል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ለምሳሌ 8ኛውን ስትይዙ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከሱ ቀጥሎ ያለው ፍሬት ከጓደኞቹ ከፍ ብሎ ይሆናል። ይሄን ለማየት የባንክ ካርዳችሁን በጠርዙ ሦስት ፍሬት ላይ አቁሙትና ወዘወዝ አድርጉት። እንደ አንካሳ ወንበር ካነከሰ የመሀለኛው ፍሬት ነው ከፍ ያለው። እሱን ምንም ብሎን አያስተካክለውም።

ካርዱን አታስቀምጡት

መለኪያ የለኝም የሚል ሰው ካለ ኪሱን ይፈትሽ። የኤቲኤም ካርድ ውፍረቱ በየትኛውም ባንክ፣ በየትኛውም አገር 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ካርድ ሲደረብ 1.5 ገደማ ይመጣል። ሦስት ሲሆን 2.3። ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ደግሞ አንዱ ቅጠል 0.1 ሚሊ ገደማ ነው። ጊታሩን ቃኙት፣ ስትጫወቱ እንደምትይዙት ጭናችሁ ላይ አድርጉት (ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ሲተኛ ኔኩ ትንሽ ይለወጣል)፣ ከዛ 12ኛው ፍሬት ላይ ካርዶቹን በክሩና በፍሬቱ መካከል አስገቡ። ክሩን ሳያነሱ ጠበብ ብለው ከገቡ ልኩን አገኛችሁ። ጽሑፉ ጎልቶ የወጣ ካርድ ከሆነ ለስላሳው ቦታ ላይ ለኩ። የመካኒክ ፊለር ጌጅ፣ ያ የቫልቭ ክፍተት የሚለኩበት የስስ ብረት ቅጠል፣ ካገኛችሁማ ከዚህ የተሻለ የለም።

አሁን ቁጥሩ። ከጊታር ፋብሪካዎቹ ፌንደር መደበኛ ለሚባሉት ኔኮቹ 1.6 ሚሊ ሜትር ይላል፣ በወፍራሙም በቀጭኑም በኩል። ጊብሰን በወፍራሙ በኩል 2 ሚሊ፣ በቀጭኑ 1.2 ይላል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ፦ ፌንደር የሚለካው 17ኛው ፍሬት ላይ ነው፣ ጊብሰን 12ኛው ላይ። ክሩ ወደ ብሪጁ (ሳድሎቹ ወደሚቀመጡበት) በሄደ ቁጥር ከፍ እያለ ስለሚሄድ፣ 17ኛው ላይ 1.6 የሆነ ጊታር 12ኛው ላይ ከዚያ ያንሳል። ቁጥሩን ብቻ ሰምቶ 12ኛው ላይ 1.6 ያደረገ ሰው «ፋብሪካው እንዳለው አደረግኩት፣ አሁንም ከፍ ያለ ነው» ቢል አትገረሙ።

ትረስ ሮድ፦ ከሁሉም የሚፈራው፣ ከሁሉም ያላግባብ የሚዞረው

ኔኩ ውስጥ ያለው ዘንግ ሥራው አንድ ነው፤ ክሮቹ ኔኩን ወደ ፊት ሲስቡት ተቃራኒውን ይስባል። ባለ 10 ክር (የመጀመሪያው ክር ውፍረቱ 10 ሺኛ ኢንች የሆነ) ስድስቱ አንድ ላይ 46 ኪሎ ገደማ ይስባሉ። አንድ ትልቅ ልጅ ኔኩ ላይ ቀን ከሌት ተንጠልጥሎ እንደሚውል አስቡት። ዘንጉ ባይኖር ኔኩ ቀስት ይሆን ነበር።

ትንሽ ጉብጠት ግን የግድ ያስፈልጋል። የተመታ ክር መሀሉ ላይ ሰፋ ብሎ ነው የሚርገበገበው፣ ለዚያ ቦታ ይፈልጋል። ልኩን ለማወቅ 1ኛው ፍሬት ላይ ካፖ እሰሩ፣ 6ኛውን (ወፍራሙን) ክር ኔኩ ከቦዲው የሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጫኑ፣ ከዛ 7ኛው ወይም 8ኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት እዩ። ክሩ ራሱ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ሆነላችሁ ማለት ነው። ክፍተቱ 0.25 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ያን እንዴት እለካለሁ ካላችሁ፣ ባለፈው ክር ስትቀይሩ ቆርጣችሁ የጣላችሁት የባለ 10 የመጀመሪያው ክር ቁራጭ ውፍረቱ 0.25 ነው። እሱን ከስር አስገቡት። ክሩን ሳያንቀሳቅስ ለስሙ እየነካ ካለፈ ተዉት፣ ጨርሳችኋል።

ክፍተቱ ከዛ ከሰፋ ዘንጉን ወደ ቀኝ፣ በሰዓት አዟዟር፣ ሩብ ዙር አጥብቁ። ጭራሽ ክፍተት ከሌለ ሩብ ዙር አላሉ። ከዛ እንደገና ቃኙና ለኩ። ሩብ ዙር ስል ሩብ ማለቴ ነው። «ትንሽ ልጨምርበት» የሚል ስሜት ሲመጣባችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ፣ እንጨት ለመቀመጥ ጊዜ ይፈልጋል። ቁልፉ በልኩ ካልሆነ ወይም ዘንጉ አልዞርም ካለ አቁሙ። የተበላ ወይም የተበጠሰ ትረስ ሮድ ከጊታሩ በላይ ሊያስወጣ ይችላል።

የማልስማማበትን ልናገር። አክሽን ለማውረድ ብለው ትረስ ሮድ የሚያጠብቁ አሉ። ይወርዳል፣ አዎ። ለአንድ ቀን ደስ ይላል። ከዛ 2ኛውና 3ኛው ፍሬት ላይ ባዝ ይጀምራል፣ እሱን ለማጥፋት ሳድሉን ከፍ ያደርጋሉ፣ ከ12ኛው በላይ ያለው ተራራ ይሆናል። ዞሮ ዞሮ መነሻቸው ላይ ይመለሳሉ፣ ያውም ከበፊቱ በባሰ ጊታር። ትረስ ሮድ ኔኩን ወደ ልኩ የምትመልሱበት ነው። ከፍታ የሚስተካከለው በሳድል ነው።

ሳድል፦ የምትደፍሩት ይሄን ይሁን

ኔኩ ልክ ከሆነ በኋላ ሳድሉ የሁላችንም መጫወቻ ነው፤ የወረደው ይነሳል፣ የተነሳው ይወርዳል፣ የሚሰበር ነገር የለም። ማወቅ ያለባችሁ አንድ ሒሳብ አለ። 12ኛው ፍሬት የክሩ አጋማሽ ነው። ስለዚህ ሳድሉን 1 ሚሊ ብታወርዱ 12ኛው ላይ የሚወርደው ግማሽ ሚሊ ብቻ ነው። በስትራት ዓይነቱ ብሪጅ የሳድሏ ብሎን አንድ ሙሉ ዙር ግማሽ ሚሊ ገደማ ታወርዳለች፣ 12ኛው ላይ ሩብ ሚሊ። ሁለቱንም ብሎን እኩል አዙሩ፣ ሳድሏ ዘመም እንዳትል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። 6ኛውን ክር ግማሽ ዙር አወርዳለሁ፣ እቃኛለሁ፣ ከዛ ከ1ኛው ፍሬት እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ እየመታሁ እወጣለሁ። ባዝ ከሌለ ሌላ ግማሽ። ባዝ እንደመጣ ግማሽ ዙር ወደ ላይ እመልስና እሱን እተዋለሁ። 1ኛውን ክር እንዲሁ። በሁለቱ መካከል ያሉትን ደግሞ የፍሬትቦርዱን (ፍሬቶቹ የተቀበሩበትን ሰሌዳ) ክብነት ተከትዬ፣ ከብሪጁ ጀርባ በዓይኔ እያየሁ ቅስት እንዲሠሩ አደርጋለሁ። ስድስቱን ክሮች ጠፍጣፋ አድርጎ ያሰለፈ ሰው መሀል ላይ ያሉት ሁለቱ ባዝ ሲያደርጉበት ክሩን ይረግማል።

ሳድሉ እስከ መጨረሻው ወርዶ፣ ብሎኗ መዳፍ እየቧጨረች፣ ክሩ ግን አሁንም ከፍ ያለ ከሆነስ? ያ የኔክ አቀማመጥ ችግር ነው። ኔኩ በብሎን የታሰረ ጊታር ከሆነ ኔኩ የሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ፣ ከቦዲው መሀል በሚርቀው ሳይሆን ወደ መሀሉ በሚቀርበው ጫፍ፣ ቀጭን ቁራጭ ተደርጎ ኔኩ ትንሽ ወደ ኋላ እንዲያጋድል ይደረጋል። የቢዝነስ ካርድ ቁራጭ እንኳን ይበቃል። እንደ ጊብሰን ሌስ ፖል ኔኩ በሙጫ የተጣበቀ ከሆነ ግን ይሄ መንገድ ዝግ ነው።

ስለ ሌሎቹ ብሪጆች በአጭሩ። የጊብሰን ዓይነቱ ቱን ኦ ማቲክ ሁለት ጎማ ብቻ ነው ያለው፣ አንዱ በወፍራሙ አንዱ በቀጭኑ በኩል፤ በአምስት ደቂቃ ያልቃል፣ ግን እያንዳንዱን ክር ለብቻ ማስተካከል የለም። ለጀማሪ ከስትራቱ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፣ ማበላሸት ስለሚከብድ። ፍሎይድ ሮዝ የሚባለው የሚወዛወዝ ብሪጅም በሁለት ምሰሶ ነው የሚወርድ የሚወጣው፣ ነገር ግን ምሰሶዎቹን ከማዞራችሁ በፊት ክሮቹን አላሉ፤ ብሪጁ የተደገፈበት ስል ጠርዝ በጭነት ላይ ሲዞር ይበላል፣ እሱ ከተበላ ደግሞ ቅኝቱ አይመለስም። ጊታር ገና ልትገዙ ከሆነና እጃችሁ ብሎን ማዞር የሚወድ ካልሆነ ፍሎይድ ሮዝ አልመክርም። አንድ ክር ስትነኩ አምስቱ ይለወጣሉ።

ነት፦ ሞረድ ያለው ሁሉ ባለሙያ አይደለም

የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ጊታሬን አንድ ጥገና ቤት ሰጠሁት፣ ስሙን ተዉት። «ነቱ ከፍ ብሏል» አልኩት፣ ትክክል ነበርኩ። በማግስቱ ወሰድኩት፣ ቤት ስደርስ ስድስቱም ክር በባዶው ዝዝዝ። ሰውየው ለእንጨት በሚሆን ወፍራም ሞረድ ቦዮቹን እስከ ፍሬቱ ድረስ አውርዷቸዋል። ሳድል ቢሆን ብሎን ያዞሩና ይመልሱታል። የተሞረደ ነት ግን ተሞረደ።

ያዳነኝ ቤኪንግ ሶዳና ሱፐር ግሉ ነው። ቦዩ ውስጥ ሶዳ ትንሽ ነስነስ አድርጋችሁ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ስትጥሉበት ወዲያው እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ ከዛ እንደገና በቀስታ መሞረድ ይቻላል። ጠብታዋ ፍሬትቦርዱ ላይ እንዳትወርድ ዙሪያውን ፕላስተር ለጥፉ። ዘላቂው አዲስ ነት ማስገባት ነው፣ ግን እኔ በዚያች ጥገና ሁለት ዓመት ተጫውቻለሁ። ከዛ ወዲህ ነው የነት ሞረዶቹን ራሴ ገዝቼ የተማርኩት።

ልኩ እንዲህ ይታወቃል። ክሩን 3ኛው ፍሬት ላይ ተጫኑና 1ኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት እዩ። ፀጉር የምታህል ክፍተት መኖር አለባት፤ ክሩን በጣት ቸብ ስታደርጉት ትንሽ «ጢቅ» ይላል። ጢቅ ካላለ፣ ፍሬቱ ላይ ከተኛ፣ አልቋል። ወረቀት በቀላሉ እየገባ እየወጣ ከዋለ ደግሞ መውረድ ይችላል። ሞረዱ በክሩ ውፍረት ልክ መሆን አለበት፣ ቦዩም ወደ ቁልፎቹ በኩል ዘቅዘቅ ማለት አለበት፤ ክሩ ነቱን የሚለቀው በፍሬትቦርዱ በኩል ባለው ጠርዝ እንዲሆን። ይሄ ሁሉ ካልተሟላ ለሚያውቅ ሰው ስጡ። ሰውየውን ለመለየት አንድ ጥያቄ ትበቃለች፣ የምትጠይቁት ግን እናንተ አይደላችሁም። «ስንት ቁጥር ክር ነው የምትጠቀሚው? ሁልጊዜ እሱን ነው?» ብሎ ካልጠየቀ ጊታራችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ከዚህ ሁሉ ሥራ ብር የምከፍልበት ይሄንንና ፍሬት ማስተካከልን ብቻ ነው። ትረስ ሮድና ሳድል በየክረምት በጋው ስለሚነኩ ራሳችሁ ተማሩት።

ስንት ድረስ ልውረድ?

«በጣም ዝቅ ያለው ምርጥ ነው» የሚባለውን አትስሙ። ዝቅ ያለ አክሽን ዋጋ ያስከፍላል፣ ዋጋው ደግሞ ቀኝ እጃችሁ ላይ ነው። ክሩን በስሱ፣ በፒክ (በመምቻው) ጫፍ የሚነካ ሰው 12ኛው ላይ 1.2 ወርዶ እንኳን ንፁህ ድምፅ ያወጣል። እንደ እኔ መታ መታ የሚያደርግ ሰው እዚያ ላይ መነዝነዝ ብቻ ነው የሚያተርፈው።

ዲስቶርሽን፣ ያ ሻካራው የአምፕ ጩኸት፣ ባዝን ይደብቃል። ሮክና ሜታል የሚጫወቱ ልጆች ካርድ የማይገባበት አክሽን ይዘው የሚዝናኑት ለዚህ ነው፤ ትንሿ ዝዝታ ጩኸቱ ውስጥ ትጠፋለች። የእኛ ዘፈን ላይ ግን ጊታሩ አብዛኛውን ጊዜ ንፁህ ድምፅ ነው፣ ምናልባት ትንሽ ኮረስና ሪቨርብ የሚባሉ የድምፅ ማሳመሪያዎች። ከድምፃዊው ኋላ ነጠላ ኖታ እየለቀመ፣ እየመለሰ፣ እያሽሞነሞነ ይሄዳል። አንድ ልምምድ ላይ ቤቴ ያማረልኝን 1.2 ይዤ ሄድኩ። ትዝታ ላይ መግቢያውን ስይዝ፣ ያቺ ተንጠልጥላ መቅረት ያለባት ረጅም ኖታ ሁለት ሰከንድ ሳትሞላ ታንቃ ሞተች። ኪቦርዲስቱ ዞሮ አየኝ። በዕረፍቱ ሳድሉን ግማሽ ዙር ግማሽ ዙር እያልኩ አነሳሁት፤ 6ኛው 1.8፣ 1ኛው 1.5 ላይ ቆመ። እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

ስለዚህ ለምርጫ ያህል፦ ብዙ ማስጌጫ፣ ሀመር ኦን (ክሩን በግራ እጅ ጣት መትቶ ኖታ ማውጣት) እና ፈጣን ሩጫ የሚበዛበት ሰው፣ እጁም ቀላል ከሆነ፣ ከ1.2 እስከ 1.5 ይሞክር። ሪትም የሚመታ፣ ንፁህ ድምፅ የሚፈልግ፣ ቀን ቤተ ክርስቲያን ማታ ክለብ የሚጫወት ሰው ከ1.5 እስከ 2። ስላይድ (ክሩ ላይ ጠርሙስ እያንሸራተተ) የሚጫወት ከዚያም በላይ ይውጣ፣ ጠርሙሱ ፍሬት እንዳይመታ። ክር ወደ ላይ መጎተት የሚወድ ሰው ሌላም ነገር ያስብ፦ የፍሬትቦርዱ ክብነት። የድሮዎቹ ፌንደሮች 7.25 ኢንች የሚባለው በጣም ክብ ፍሬትቦርድ አላቸው። እነሱ ላይ ክሩን ዝቅ አድርጋችሁ 1ኛውን ክር ስትጎትቱ ክሩ ወደ ጉብታው ይወጣና ይታነቃል። 12 ወይም 16 ኢንች የሆነ ጠፍጠፍ ያለ ፍሬትቦርድ ላይ ይሄ ችግር ይቀላል። ጊታር እየመረጣችሁ ከሆነ፣ በጣም ዝቅ ያለ አክሽን የግድ ነው የምትሉ ከሆነ፣ ከቀለሙ በፊት ይሄን ቁጥር ጠይቁ።

ሌላው ፈተና፦ ባዙን በአምፕ አዳምጡ። ሳይሰካ የሚሰማ ትንሽ ዝዝታ በአምፕ ሲሆን ከጠፋ እርሱት። ጆሯችሁን ኔኩ ላይ ለጥፋችሁ የምትሰሙትን ታዳሚ አይሰማውም።

9 ወይስ 10?

የክር ቁጥር የመጀመሪያውን ክር ውፍረት በኢንች ሺኛ ነው የሚናገረው። ባለ 9 ስድስቱ አንድ ላይ 38 ኪሎ ገደማ ይስባሉ፣ ባለ 10 ከላይ እንዳልኩት 46 ገደማ። ይሄ በረጅሙ፣ በ25.5 ኢንች የፌንደር ልክ ነው። የጊብሰን 24.75 አጠር ስለሚል ያው ክር ይላላል፤ ሌስ ፖል ላይ 10 የሚመቸው ሰው ስትራት ላይ 9 ቢመርጥ ነውር የለውም። ጊታሪስቱ ስቲቪ ሬይ ቮን 13 እየጫነ፣ ግን ግማሽ ድምፅ አውርዶ እየቃኘ ይጫወት ነበር። ሌላው ጊታሪስት ቢሊ ጊበንስ ደግሞ 7 ይጠቀማል። ሁለቱም ወፍራም ድምፅ አላቸው፣ ስለዚህ «ቀጭን ክር ድምፅ የለውም» የሚላችሁን ሰው እያያችሁ ሳቁ።

ጣት የሚፈጅበት ጀማሪ 9 ያድርግ፣ አለቀ። ነገር ግን ቀጭን ክር ሲመታ ሰፋ ብሎ ስለሚወዛወዝ ትንሽ ከፍ ያለ አክሽን ይፈልጋል። በጣም ዝቅ ያለ ከፍታና በጣም ቀጭን ክር አብረው ሲመጡ ከባድ እጅ ካላችሁ ባዝ አይቀርም። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ።

የተንሳፈፈ ትሬሞሎ (በእጀታ የሚወዛወዝ፣ ቦዲው ላይ ያልተኛ ብሪጅ) ያለው ስትራት ላይ ከ9 ወደ 10 ስትሄዱ ሌላ ጣጣ አለ። ክሮቹ ስለሚጠነክሩ ብሪጁን ወደ ፊት ይስቡታል፣ ጀርባው ይነሳል፣ አክሽኑም አብሮ ይነሳል። ሳድሉን አትንኩ። የጀርባውን ክዳን ፍቱና ስፕሪንጎቹን የያዙትን ሁለት ብሎኖች አጥብቁ፣ ብሪጁ ወደ ቦታው እስኪመለስ። ትሬሞሎውን የማትጠቀሙበት ከሆነ ደግሞ በልኩ የተቆረጠ እንጨት ከኋላ ሸጉጡበትና ገላግሉት።

ከወረደ በኋላ

ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛ ኢንቶኔሽን (ክሩ በየፍሬቱ ልክ የሆነ ድምፅ መስጠቱ)፦ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ነካ አድርጋችሁ የሚወጣውን ሃርሞኒክ ከተጫናችሁት ኖታ ጋር በቱነር አወዳድሩ። የተጫናችሁት ከፍ ካለ ሳድሉን ከኔኩ አርቁት፣ ዝቅ ካለ አቅርቡት። ሁለተኛ ፒክአፕ፣ ከክሩ ስር ሆኖ ድምፁን የሚይዘው ባለ ማግኔት ዕቃ። ክሩ ሲወርድ ወደ ፒክአፑ ማግኔት ይቀርባል፤ ስትራት ላይ በተለይ ማግኔቱ ክሩን ይስበውና ላይኛው ፍሬት ላይ ድምፁ የሚንገዋለል፣ ቱነሩ እንኳን አንድ ቦታ የማይቆም ይሆናል። ሰው ይሄን ባዝ መስሎት ሳድሉን መልሶ ያነሳል። የመጨረሻውን ፍሬት ተጭናችሁ በክሩና በፒክአፑ መካከል ሦስት ካርድ ገደማ ቦታ መኖሩን እዩ። ከጠበበ ፒክአፑን አውርዱት።

አየሩን ደግሞ አትርሱ። እንጨት እርጥበት ይጠጣል፣ ይተፋል። አዲስ አበባ ሐምሌ ላይ ያስተካከላችሁት ጊታር ኅዳር ላይ ሌላ ጊታር ነው፤ አንዱ ኔክ ወደ ፊት ይጎብጣል፣ ሌላው ወደ ኋላ፣ እንደ እንጨቱ። ከዋሽንግተን የክረምት ማሞቂያ ቤት በሻንጣ የመጣም እንዲሁ። እኔ መስከረም ላይ አንዴ፣ ታኅሣሥ ላይ አንዴ ጉብጠቱን በክር ቁራጩ አያለሁ። ብዙ ጊዜ ሩብ ዙር ነው። ጊታር በሻንጣ ከመጣላችሁም ለአንድ ሳምንት አውጥታችሁ አስቀምጡት፣ በደረሰ ማግስት ብሎን አትንኩ።

የልጁን ጊታር ነቱን ብቻ ነው የሠራሁለት። ስድስት ቦይ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በየሁለት ሞረድ ክሩን እየመለስኩ። ሳድሉን አልነካሁም፣ ለክቶ ሲያይ 12ኛው ላይ 1.6 ነበር። ኤፍ ኮርዱን ያዘና ፈገግ አለ፣ ሄደ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። አንድ ሰው «ወፍራም ክር ድምፅ አለው» ብሎት ባለ 11 ገዝቶ አስገብቷል። ክሮቹ ለ9 የሞረድኳቸው ቦዮች ውስጥ አልገባ ብለው ከላይ ተቀምጠዋል፣ ብሪጁ ከጀርባው ተነስቷል፣ ኤፍ ኮርዱም እንደ ድሮው ይፈጃል። አለን ቁልፉን ግን ዛሬም ይዞ ነው የመጣው።